ፋናዬ አዲስ አበባን ከላይ ልታይ ስትል

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ከኋላ ያላችሁም ወደፊት ኑ። ዛሬ የማወጋችሁ የአንዲት ልጅ ነገር ነው። የፈለገችው ትንሽ ነበር፤ የገጠማት ግን ረጅም። እየቆጠራችሁ ስሙኝ፤ አንዱን ከዘለላችሁ ሌላው ሁሉ ይምታታባችኋል።

ሸኖ ከተማ ውስጥ ፋናዬ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ደረሱ፣ እናቷ አስካለ ይባላሉ። የአባቷ አባት አባባ ጉልላትም አብረዋቸው ይኖራሉ። አባባ ጉልላት ጎረምሳ ሳሉ አዲስ አበባ ሄደው፣ መሐል ከተማ ላይ አንድ ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ሲሠራ ሲሚንቶ ተሸክመዋል። ፋናዬ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ የሰማችው ወሬ ይኸው ነው።

«ከዚያ ጣራ ላይ ሆነሽ ስታዪ» ይሏታል፣ «እንጦጦን እጅሽን ዘርግተሽ የምትነኪው ይመስልሻል። መኪናው ጉንዳን ነው። ሰዉ ደግሞ አስጥተው የረሱት እህል ይመስል፣ ፍስስ ብሎ!»

ታዲያ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ወሬ መጣ። ሕንፃው አርጅቷልና ከአዲሱ ዓመት በኋላ ሊፈርስ ነው ተባለ። አባባ ጉልላት ይህን የሰሙ ዕለት ምሳቸውን በቅጡ አልበሉም። ፋናዬ አየቻቸው። በማግስቱ ጠዋት አባቷ ጫማውን ሲያስር ፊት ለፊቱ ሄዳ ቆመች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ምን?»

«ከአባባ ጋር እዚያ ጣራ ላይ ወጥቼ አዲስ አበባን ከላይ ማየት።»

«የአዲስ ዓመት ቀሚስ ቀረ ማለት ነው?»

«እሱንም እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ግን ጣራውን።»

አባትየው ሳቀ። ጳጉሜ ሦስት ቀን፣ የሩፋኤል ዕለት፣ አራቱም በማለዳው አውቶቡስ ተሳፈሩ። መንገድ ላይ ዝናብ ጣለ፤ አስካለ በመስኮቱ እጇን አውጥታ የሩፋኤልን ዝናብ በሁሉም ግንባር ላይ ቀባች። አዲስ አበባ ሲደርሱ ዝናቡ አባራ። ጠዋቱን አንበሳ አዩ። በአንድ የገበያ ሕንፃ ውስጥ በሚንቀሳቀሰው ደረጃ ወጡ፣ ወረዱ፣ እንደገና ወጡ። አስካለ የደረጃውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ፣ ስትወጣም «ማርያም ማርያም»፣ ስትወርድም «ማርያም ማርያም» አለች። አንድ ሳር ቤት የሚያህል፣ በክብ የተተከለ አበባ አጠገብ ተቀምጠው ያመጡትን ዳቦ በሉ። ከዚያ በሰባት ሰዓት ሕንፃው ጋ ደረሱ። የመመለሻው አውቶቡስ ከላምበረት መናኸሪያ የሚነሳው አሥር ሰዓት ላይ ነው።

«ልብ በሉ» አለ ደረሱ ሰዓቱን እያየ፣ «ከዚህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካልተነሳን አይደረስበትም።»

በአሳንሰሩ ውስጥ፣ በትንሽ በርጩማ ላይ፣ ወይዘሮ ጌጤ ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ። አሳንሰሩን ሲያወጡና ሲያወርዱ የሚውሉት እሳቸው ናቸው።

«ወዴት ናችሁ?» አሉ።

«ጣራ ላይ» አለች ፋናዬ።

«ጣራ ላይ እኮ ቢሮ የለም፣ የኔ ልጅ።»

«ቢሮ አይደለም የፈለግነው። ከተማውን ልናይ ነው። ይህን ሕንፃ የሠሩት አባባ ናቸው።»

ወይዘሮ ጌጤ አባባ ጉልላትን ከእግር እስከ ራሳቸው አዩአቸው። «እርስዎ ነዎት?»

«ሲሚንቶውን ብቻ ነው» አሉ አባባ ጉልላት አፈር ብለው።

ወይዘሮ ጌጤ ብድግ ብለው በርጩማውን ለቀቁላቸው። «ይቀመጡ። አባቴ ይሙት፣ እኔ ባደርሳችሁ ደስታዬ ነበር። ግን የጣራው በር ተቆልፏል። ቁልፍ ካልያዛችሁ አሳንሰሩን አላስነሳም። የተዘጋ በር ስታዩ ልትውሉ ነው? ቁልፉ ያለው ጋሽ ማንያዘዋል ዘንድ ነው፤ በጓሮ በኩል ዙሩ።»

አባባ ጉልላት ጉልበታቸውን ያማቸዋል። «አንቺ ከእናትሽ ጋር ሂጂ» አለ ደረሱ፤ «እኔ ከአባባ ጋር ሆኜ ሰዓት እጠብቃለሁ።»

እነሆ፣ ነገሩ እንዲህ ተጀመረ፦ አሳንሰሩ አልወጣ አለ፤ ፋናዬም እታች ቀረች።

ጋሽ ማንያዘዋል የሕንፃው ጠባቂ ናቸው። የሕንፃው ቁልፍ ሁሉ በአንድ ወፍራም ሽቦ ላይ ተሰክቶ ጭናቸው ላይ ተቀምጧል፤ መቶ ቢያንስ ነው።

«ጋሼ» አለች ፋናዬ፣ «የጣራውን ቁልፍ ይስጡን። ቁልፉ ካልመጣ አሳንሰሩ አይወጣም፤ አሳንሰሩ ካልወጣ እኔና አባባ ከተማውን አናይም።»

ጋሽ ማንያዘዋል ሽቦውን አነሱ፤ አንዱን ቁልፍ ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ፣ እንደገና አስጠጉ። «ቁልፎቹ ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ እኔ ግን ያለ መነጽር ሁሉም አንድ ነው። ትናንት በግምት ሞክሬ አንዱን በር ውስጥ ሰብሬ አስቀርቻለሁ። ሁለተኛ አይለምደኝም! መነጽሬን ኑረዲን ይጠግነዋል፤ እዚህ ከኋላ፣ ቅያሱ ውስጥ። እሱን አምጡልኝና ቁልፉን በደስታ።»

ቁልፉ አልለይ አለ፤ አሳንሰሩ አልወጣ አለ፤ ፋናዬም እታች ቀረች።

ከሕንፃው ጀርባ ያለው ቅያስ ቀጭን ነው። ጠዋት የጣለው ዝናብ አጨቅይቶታል፤ ከዚህ ድንጋይ ወደዚያ ድንጋይ እየተዘለለ ነው የሚታለፈው። መነጽር ጠጋኙ ኑረዲን ከአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ተቀምጧል።

«ወንድሜ» አለች አስካለ፣ «የጋሽ ማንያዘዋልን መነጽር ስጠን።»

«መነጽሩ ካልመጣ ቁልፉ አይለይም» አለች ፋናዬ ከጎኗ፣ «ቁልፉ ካልተለየ አሳንሰሩ አይወጣም፤ አሳንሰሩ ካልወጣ እኔና አባባ ከተማውን አናይም።»

ኑረዲን መነጽሩን አውጥቶ አሳያቸው። መስታወቱ ንጹሕ ነው፤ አንደኛው ዘንጉ ግን ወልቆ ለብቻው መዳፉ ላይ ተቀምጧል።

«እዩት እስቲ። ይቺን ዘንግ የምትይዝ አንዲት ብሎን ነበረች፤ ጠፍታለች። የእኔ ብሎኖች ለዚህች ቀዳዳ ወፍራም ናቸው። እንዲህ የምትቀጥን ብሎን ያለችው ከሰዓት ሠሪው፣ ከአቶ ልሳኑ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው። ብሎን ከሌለ መነጽሩ አይገጥምም።»

መነጽሩ አልገጥም አለ፤ ቁልፉ አልለይ አለ፤ አሳንሰሩ አልወጣ አለ፤ ፋናዬም እታች ቀረች።

አቶ ልሳኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ሱቃቸው ደግሞ የሰዓት ድምፅ ብቻ ነው። ሰላሳ ሰዓት ግድግዳው ላይ ይቆጥራል፤ ሁለቱ እንኳ ተመሳሳይ ሰዓት አይናገሩም። አስካለ የትኛውን እንደምታምን ቸግሯት ዙሪያዋን ስታይ፣ ፋናዬ ጀመረች።

«አንዲት ቀጭን ብሎን ይስጡን፣ ጋሼ። ብሎን ከሌለ መነጽሩ አይገጥምም፤ መነጽሩ ካልገጠመ ቁልፉ አይለይም፤ ቁልፉ ካልተለየ አሳንሰሩ አይወጣም፤ አሳንሰሩ ካልወጣ እኔና አባባ ከተማውን አናይም።»

አቶ ልሳኑ ፈገግ አሉ። ከመሳቢያቸው የክብሪት ቀፎ የምታህል ሳጥን አወጡ፤ ግን ክዳኗን አልነኩም። ሁለቱን እጆቻቸውን ወደፊት ዘርግተው አሳዩአት። እጆቻቸው ይንቀጠቀጣሉ።

«አየሽ? ከምሳ በኋላ ሻዬን እስክጠጣ ድረስ እንዲህ ነኝ። ባለፈው ሳልጠጣ ከፈትኳትና ብሎኖቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ፤ ሦስት ቀን ሙሉ በጉልበቴ እየዳኽኩ ለቀምኩ። ዛሬ ብርቄ ሻዬን አዘግይታብኛለች። ሻይ ካልጠጣሁ ይህን ሳጥን ንጉሥ ቢመጣም አልከፍትም።»

ሳጥኑ አልከፈት አለ፤ መነጽሩ አልገጥም አለ፤ ቁልፉ አልለይ አለ፤ አሳንሰሩ አልወጣ አለ፤ ፋናዬም እታች ቀረች።

ብርቄ ሻይ የምትሸጠው ቅያሱ መታጠፊያ ላይ፣ ከላስቲክ ጥላ ሥር ነው። ክንዷን አጣጥፋ ቆማለች፤ በራዱ ባዶውን ተደፍቷል።

«እህቴ፣ የአቶ ልሳኑ ሻይ ምነው ዘገየ?» አለች አስካለ።

«ሻይ ከሌለ ሳጥኑ አይከፈትም» አለች ፋናዬ ትንፋሿን እየሳበች፤ «ሳጥኑ ካልተከፈተ መነጽሩ አይገጥምም፤ መነጽሩ ካልገጠመ ቁልፉ አይለይም፤ ቁልፉ ካልተለየ አሳንሰሩ አይወጣም፤ አሳንሰሩ ካልወጣ እኔና አባባ ከተማውን አናይም።»

ብርቄ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። «ኧረ የዚች ልጅ ምላስ! ነይ እስቲ እዪ። እሳቱ አለ። ውሃው አለ። ቅጠሉ አለ፣ ስኳሩ አለ። የሌለው ዝንጅብሉ ነው። ያለ ዝንጅብል አፍልቼ የወሰድኩላቸው ቀን፣ አንድ ጊዜ ቀምሰው ብርጭቆውን መለሱልኝ፤ ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ። ዝንጅብል የሚያመጣልኝ ባለጋሪው ሰማኸኝ ነው። በስድስት ሰዓት ይደርስ የነበረ ሰው፣ እስካሁን የበላው ጅብ አልጮኸም!»

ሻዩ አልፈላ አለ፤ ሳጥኑ አልከፈት አለ፤ መነጽሩ አልገጥም አለ፤ ቁልፉ አልለይ አለ፤ አሳንሰሩ አልወጣ አለ፤ ፋናዬም እታች ቀረች።

መታጠፊያውን ዞር እንዳሉ ሰማኸኝን አገኙት። ተራራ የሚያህል ጥቅል ጎመን የጫነ የእጅ ጋሪ ደግፎ ቆሟል። ከፊቱ አንድ ሰማያዊ ሚኒባስ ታክሲ ቅያሱን ከግንብ እስከ ግንብ ዘግቶታል።

«ሰማኸኝ አንተ ነህ?» አለች ፋናዬ። «ዝንጅብል ካልሰጠኸን ሻዩ አይፈላም፤ ሻዩ ካልፈላ ሳጥኑ አይከፈትም፤ ሳጥኑ ካልተከፈተ መነጽሩ አይገጥምም፤ መነጽሩ ካልገጠመ ቁልፉ አይለይም፤ ቁልፉ ካልተለየ አሳንሰሩ አይወጣም፤ አሳንሰሩ ካልወጣ…»

«ካልወጣስ?» አለ ሰማኸኝ፣ ጉዳዩ አስጨንቆት።

«እኔና አባባ ከተማውን አናይም።»

ሰማኸኝ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። «ዝንጅብሉ እኮ አለ። ግን ከሥር ነው። በዝንጅብሉ ላይ ድንች፣ በድንቹ ላይ ሽንኩርት፣ በሽንኩርቱ ላይ ጎመን። እዚህ ጭቃ ላይ ላራግፈው? ቦታዬ ደርሼ ሸራዬን ሳላነጥፍ አንዲት ፍሬ አይወርድም። ታክሲው ይለፍና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ዝንጅብል በእጅሽ ነው። ታክሲው ካልሄደ ግን ጋሪው በየት ይለፍ?»

ጋሪው አላልፍ አለ፤ ሻዩ አልፈላ አለ፤ ሳጥኑ አልከፈት አለ፤ መነጽሩ አልገጥም አለ፤ ቁልፉ አልለይ አለ፤ አሳንሰሩ አልወጣ አለ፤ ፋናዬም እታች ቀረች።

አስካለና ፋናዬ በታክሲውና በግንቡ መካከል በጎናቸው ተሹለከለኩ። አስካለ መሐል ላይ ተወትፋ ቀርታ ነበር፤ ሰማኸኝ ከኋላ «ትንፋሽሽን ሳቢው!» እያለ ነው ያለፈችው። ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፍቷል። ተሳፋሪዎቹ ሰልችቷቸው ወርደው በእግራቸው ሄደዋል።

«ጋሼ፣ ታክሲውን ያንቀሳቅሱልን» አለች ፋናዬ። «ታክሲው ካልሄደ ጋሪው አያልፍም፤ ጋሪው ካላለፈ ሻዩ አይፈላም፤ ሻዩ ካልፈላ ሳጥኑ አይከፈትም፤ ሳጥኑ ካልተከፈተ መነጽሩ አይገጥምም፤ መነጽሩ ካልገጠመ ቁልፉ አይለይም፤ ቁልፉ ካልተለየ አሳንሰሩ አይወጣም፤ አሳንሰሩ ካልወጣ እኔና አባባ ከተማውን አናይም።»

ሹፌሩ ቀና አለ። ከዚያ በጣቱ ወደፊት አመለከተ።

«እህቴ፣ ከኋላዬ ጋሪ ነው፤ ከፊቴ ደግሞ እሱ ነው። እሱ ካልተነሳ ወዴት ልሂድ? የሰው የበዓል በግ ረግጬ ዓውደ ዓመት ላበላሽ?»

ከታክሲው ፊት፣ የቅያሱ መሐል ላይ፣ አንድ የሰባ ነጭ በግ እግሮቹን አጣጥፎ ተኝቷል። ጥሩምባ ቢነፋ አይሰማም። ቢጮሁበት ያመሰኳል። ገመዱን የያዘው ሱፍ ልብስ የለበሰ፣ ቦርሳ ያነገተ ሰውዬ ነው፤ ከቢሮ ወጥቶ ገዝቶት ወደ ቤቱ ሲወስደው ነው እንዲህ የሆነበት። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል።

«በግ ሳይሆን ውርደት ነው የገዛሁት!» ይላል ሰውዬው።

በጉ አልነሳ አለ፤ ታክሲው አልሄድ አለ፤ ጋሪው አላልፍ አለ፤ ሻዩ አልፈላ አለ፤ ሳጥኑ አልከፈት አለ፤ መነጽሩ አልገጥም አለ፤ ቁልፉ አልለይ አለ፤ አሳንሰሩ አልወጣ አለ፤ ፋናዬም እታች ቀረች።

ሰዉ በጉን ከቦ ሁሉም አዋቂ ሆኗል። አንዱ «ጆሮውን ሳበው» ይላል፤ ሌላው «ጭራውን ጠምዝዘው» ይላል። ሰማኸኝ ከጋሪው ላይ የጎመን ቅጠል ይዞ መጣ፤ በጉ ቅጠሉን በላ፣ አልተነሳም። ሁለተኛ ቅጠል ጨመረለት፤ እሱንም በላ። ሁለት ጎረምሶች ብብቱን ይዘው ብድግ አደረጉት፤ ተፈራግጦ አንደኛውን ጭቃው ላይ ዘረረውና ተመልሶ ተኛ። ሹፌሩ «እንግዲህ እዚሁ ልንከርም ነው» ብሎ በሩን ከፍቶ ወረደ።

አስካለ ስልኳን አየች። ስምንት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። የፋናዬን ትከሻ ያዘች።

«ይቅር፣ እናቴ። ከዚህ በኋላ አይሆንም። አንበሳውን አይተናል፣ ደረጃውንም ወጥተናል። አባባም ይገባቸዋል።»

ፋናዬ ወደ ሕንፃው ዞር አለች።  አባባ ጉልላት በርጩማው ላይ ተቀምጠው፣ ኮቴ በተሰማ ቁጥር «መጡ እንዴ?» ሲሉ ታያት። ምሳቸውን የተዉ ዕለት የነበራቸው ፊት ታያት። ደግሞ «ደህና ነው፣ የኔ ልጅ» ብለው ወደ አውቶቡሱ እንደሚያዘግሙ ታወቃት። 

እንባዋ እንዳይታይ ቁጢጥ አለች። ቁጢጥ ስትል ፊቷ ከበጉ ፊት ጋር እኩል ሆነ። በጉም አያት። በግ እንደሆነ በቤቷም አለ፤ እልከኛውን ከታመመው ለይታ ታውቃለች። ይህ በግ እልከኛ አይመስልም።

«ቆይ እስቲ» አለች። «አሁን ሲያነሱት የፊት ግራ እግሩን መሬት አላስነካም።»

«ማነው ያለው?» አለ ሱፍ የለበሰው።

«እኔ አይቻለሁ። ሁላችሁም ገመዱን ነው የምታዩት።» እጇን በጉ አንገት ሥር አስገብታ ቀስ እያለች አሻሸችው። «እማ፣ ራሱን ያዥልኝ።»

«ይረግጥሻል!»

«አይረግጠኝም። ያዥልኝ።»

አስካለ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጥላ ጭቃው ላይ ተንበረከከችና የበጉን ራስ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ፋናዬ ግራ እግሩን ከሥሩ ሳብ አድርጋ አወጣች። በጉ ተንቀጠቀጠ። ሰኮናው መሐል፣ ከጭቃው ሥር፣ አንድ የለስላሳ ቆርኪ ጥርሱን ወደ ውስጥ አድርጎ ተሰክቷል። በጥፍሯ ሞከረች፤ አልያዝ አላት። አስካለ ከቀሚሷ ላይ መርፌ ቁልፏን ነቅላ ሰጠቻት። ፋናዬ መርፌውን በቆርኪው ጠርዝ አስገብታ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ አንድ ጊዜ ፈነቀለችው። ቆርኪው ዘሎ የሹፌሩን ጫማ መታ።

በጉ ትንሽ ቆየ። ግራ እግሩን መሬት አስነካ፤ አነሳ፤ እንደገና አስነካ። ከዚያ ብድግ አለ።

ቅያሱ በጭብጨባ ተናጋ። ሱፍ የለበሰው ሰውዬ ፋናዬን ለመሳም ጎንበስ ሲል በጉ ገመዱን ጎትቶ ወሰደው። «ተባረኪ! ልጄ፣ ስምሽ ማነው?» ይላል፤ መልሱን ሳይሰማ እየሮጠ ታጠፈ።

በጉ ተነሳ፤ ታክሲው ሄደ። ታክሲው ሲሄድ ጋሪው አለፈ፤ ሰማኸኝም ሸራውን አንጥፎ፣ ጎመኑን፣ ሽንኩርቱን፣ ድንቹን አራግፎ የዝንጅብሉን ከረጢት ለብርቄ ወረወረላት። ዝንጅብሉ ሲደርስ ሻዩ ፈላ። አቶ ልሳኑ አንድ ጊዜ ፉት አሉ፣ ሁለተኛ ፉት አሉ፤ ፋናዬ ዓይኗን ከእጃቸው ላይ አላነሳችም፤ በሦስተኛው እጃቸው ቀጥ አለ። ሻዩ ሲጠጣ ሳጥኑ ተከፈተ። ሳጥኑ ሲከፈት የጉንዳን ዓይን የምታህል ብሎን ወጣች፤ በወረቀት ተጠቅልላ በፋናዬ ጡጫ ውስጥ ጭቃውን ዘለለች። ብሎኗ ስትደርስ መነጽሩ ገጠመ። መነጽሩ ሲገጥም ጋሽ ማንያዘዋል አፍንጫቸው ላይ ሰክተው ሽቦውን አንድ ጊዜ አዞሩትና «ይኸውልሽ!» አሉ። ቁልፉ ተለየ።

«ዘጠኝ ሊሆን ሩብ ጉዳይ!» ብሎ ደረሱ ከአሳንሰሩ ደጃፍ ጮኸ። ጭቃ የለበሱትን ሚስቱንና ልጁን ሲያይ ግን ሰዓቱን ረሳው። «ምን ሆናችሁ?»

«በጉ ተነሳ» አለች ፋናዬ እያለከለከች፤ «ታክሲው ሄደ፣ ጋሪው አለፈ፣ ሻዩ ፈላ፣ ሳጥኑ ተከፈተ፣ መነጽሩ ገጠመ፣ ቁልፉ ተለየ።»

«የምን በግ?» አሉ አባባ ጉልላት።

«እላይ እነግርዎታለሁ። ይነሱ!»

ጋሽ ማንያዘዋልም ቁልፉን ይዘው ተከትለዋቸው ገቡ። ወይዘሮ ጌጤ ሹራባቸውን ብብታቸው ውስጥ ወሸቁ፤ ተጣጣፊውን በር ጎተቱ፤ የላይኛውን ፎቅ ቁጥር ተጫኑ። አሳንሰሩ አንድ ጊዜ አቃሰተ፤ ከዚያ ወጣ።

ጋሽ ማንያዘዋል የጣራውን በር ሲከፍቱ ፋናዬ ቀድማ ሮጠች። ወዲያው ደግሞ ቆመች።

ዝናቡ ያጠበው ከተማ ከእግሯ ሥር ያበራል። አሮጌው ቆርቆሮ ከአዲሱ ቆርቆሮ ጋር ተጋጥሞ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት እዚህ፣ የመስጊዱ ሚናራ እዚያ፤ በየቦታው ረጃጅም ማሽኖች ብረት አንጠልጥለው ቀስ ብለው ይዞራሉ። ዙሪያውን ከዚህ ሕንፃ የሚበልጡ ብዙ ሕንፃዎች ቆመዋል። በሁለት ሕንፃዎች መካከል ባለው ክፍተት ግን እንጦጦ አረንጓዴውን ለብሶ ገብቷል። ከታች፣ በቀጭኗ ቅያስ፣ አንድ ነጭ ነጥብ አንድ ጥቁር ነጥብ እየጎተተ ይሮጣል።

«እማ፣ በጉን እዪው!» ብላ ፋናዬ ጮኸች። አስካለ ከዳሩ ሁለት እርምጃ ርቃ «ማርያም ማርያም» እያለች ታያለች። ጋሽ ማንያዘዋል በታደሰው መነጽራቸው ሩቅ ያለ የሱቅ ጽሑፍ ለደረሱ ጮክ ብለው ያነቡለታል።

አባባ ጉልላት ዱላቸውን ተደግፈው ከመከታው አጠገብ ደረሱ።  አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል።

«አባባ፣ ያኔም እንዲህ ነበር?» አለች ፋናዬ።

 አባባ ጉልላት ወደ ደረሱ አዩ፤ እንደማይሰማቸው ሲያረጋግጡ ጎንበስ አሉላት።

«የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ያኔ እኔ አላየሁትም።»

«እንዴ! እዚህ አልወጡም?»

«ወጥቻለሁ፣ በቀን አርባ ጊዜ። ግን የሲሚንቶ ከረጢት ጀርባሽ ላይ ሆኖ ምን ታያለሽ? እግርሽን ነው የምታዪው፤ የምትረግጪውን ጣውላ ነው የምታዪው። ከረጢቱን ጥለሽ ቀና ልትይ ስትይ የሠራተኛው አለቃ ‹ውረድ! ሌላ አምጣ!› ይላል። ሥራው ያለቀ ቀን ደግሞ እኛን ከታች አሰናበቱን። የነገርኩሽን ሁሉ ግንበኞቹ ሲያወሩ ሰምቼ ነው። ጥቂቱንም ከራሴ ጨምሬያለሁ።»

ፋናዬ አያቷን አየች፤ ከተማውን አየች።

«ጉንዳኑንም?»

«ጉንዳኑን እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

«አባባ! እንደዚህ ከሆነ እኮ እኔና እርስዎ እኩል ነን። ሁለታችንም ዛሬ ነው ያየነው።»

አባባ ጉልላት ሳቁ፤ ሳቃቸው ከሆዳቸው ነው የወጣው፤ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «እኩልስ አይደለንም። በሩ ሲከፈት ሮጠሽ የቀደምሽኝ አንቺ ነሽ። በይ እንግዲህ፣ በዕድሜ የሚበልጠው ያየውን ይንገር ይባላል፤ ዛሬ አንቺ ንገሪኝ። ያ ሰማያዊው ምንድን ነው?»

ፋናዬ እጃቸውን ይዛ ጀመረች። ሰማያዊውን ነገረቻቸው፤ ቀዩን ነገረቻቸው፤ ወደ ሸኖ የሚወስደውን መንገድም ገምታ አሳየቻቸው። የማታውቀው ሲመጣ ከራሷ ጨመረች። አባባ ጉልላትም ሁሉንም «እህ» እያሉ አመኑ።

አምስት ደቂቃ፣ ምናልባት ሰባት፣ እንዲህ ቆሙ። ከዚያ ደረሱ «ዘጠኝ ሆነ!» ብሎ ጮኸ፤ አባባን ደግፈው አራቱም ተጣደፉ፤ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ሳለ ደረሱበት። ፋናዬ መቀመጫዋ ላይ እንዳረፈች የበጉን ነገር ለአባባ ጉልላት መንገር ጀመረች፤ ሰንዳፋን ሳያልፉ በአያቷ ክንድ ላይ አንቀላፋች።

ነገሬ እዚህ ላይ ወረደች። አንድም ሳልዘል ከበጉ እስከ ጣራው አድርሻችኋለሁ፤ እናንተም ስታወሩት አንድ እንዳትዘሉ። አሁን የአፌን ድርቀት የሚያርስ ሻይ ስጡኝ፤ ዝንጅብል ከሌለም አላኮርፍም።